በላቦራቶሪ የሚራባ ሕዋስ እና የደስታ በሽታ መጥፋት

በደቡብ ጎንደር በፎገራ ሜዳ ዳርቻ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። በእንዲህ ያለ ገበያ ከየአገሩ የመጣ ከብት ይገናኛል፤ ከብት በተገናኘበትም በሽታ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ አገሩን አዳርሶ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅም ተጨምሮበት «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ደረሰ።

በሽታውን ለማጥፋት ያስቻለው ከእንስሳ አካል ውጭ ሕያው ሕዋስን የማራባት ዘዴ ነው። የጥጃ ኩላሊት ተከትፎ ሕዋሳቱ በኤንዛይም ይለያያሉ። ስኳር፣ ጨውና ሴረም ባለበት ፈሳሽ፣ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ፣ በከብት ሰውነት ሙቀት ልክ ሲቀመጡ በጠርሙሱ ግድግዳ ተጣብቀው ይራባሉ። ቫይረስ የሚራባው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እነዚህ ሕዋሳት እንደ ማሳ ያገለግሉታል። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ቫይረሱን በእነዚህ ሕዋሳት ዘጠና ጊዜ ያህል እያስተላለፉ አደከሙት። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ የተገኘው ክትባት ከብቱን ሳያሳምም ዕድሜ ልክ የሚከላከል ሆነ።

ሆኖም ክትባቱ ቅዝቃዜ ካላገኘ ይበላሽ ስለነበር መኪና በማይደርስበት አገር ለማዳረስ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ሙቀት የሚችል ዓይነት ተዘጋጀ፤ በአፋርም ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከተቡ። ከ1995 በኋላ በሽታው በኢትዮጵያ አልታየም፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ዛሬም ደስታ መሰል በሽታ በግና ፍየልን ይፈጃል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በሕዋስ ላይ እየተራባ ይመረታል። ስለዚህ ለድርቅ ተጎጂዎች ወይም ለሠፋሪዎች በግና ፍየል በሚታደልበት ጊዜ የሚከተሉት ሊጠበቁ ይገባል፦

1. እንስሳቱ ከመታደላቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይከተቡ።
2. ከልዩ ልዩ ገበያ የተገዙት ከነባሩ መንጋ ጋር ወዲያው አይቀላቀሉ።
3. የክትባቱ ቅዝቃዜ እስከ መጨረሻው መንደር ድረስ ይጠበቅ።

ክትባት በመንገድ ከተበላሸ መርፌው የሚሰጠው ውኃ ብቻ ነው፤ ባለከብቱም እንስሳው የተጠበቀ መስሎት ይዘናጋል። ይህም ካለመከተብ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።