ሳንጠይቅ የሚደርሰን መልእክት፦ ዌብሶኬት እንዴት ይሠራል?

ስቶቭነር ጣቢያ ቲ-ባነ ስንጠብቅ "የት ደረሰ?" እያልን ገጹን ደጋግመን እናድሳለን። ተራ ድረ ገጽ ካልጠየቀ መልስ አያገኝም። ዌብሶኬት (ደረጃው የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው) ግን መስመሩን ክፍት ያደርገዋል። ብራውዘሩ አንዴ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ በ101 ኮድ ይስማማል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሲኖር ሰርቨሩ ራሱ ይልካል። የኖርዌዩ ኢንቱር የተሽከርካሪዎችን ቦታ በዚህ መንገድም ያሰራጫል።

ለብዙ ሰው ለማሰራጨት ሰርቨሩ የተገናኙትን ሁሉ ዝርዝር ይይዛል። አዲስ ነገር ሲከሰት ለእያንዳንዳቸው ይልካል። በየጊዜው ፒንግ ይልካል፤ ፖንግ ያልመለሰውን ከዝርዝሩ ያወጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዌብሶኬት በራሱ ያመለጠንን መልእክት መልሶ አይልክም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ስክሪኑ ላይ የቀረው የድሮ ቁጥር አዲስ ይመስላል። ለባቡር ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ያስጠብቀናል፤ የታካሚ የልብ ምት ከሆነ ግን አደጋ ነው።

ነርስ ተረኛ ስትሆን መጀመሪያ ርክክብ ታደርጋለች። ፕሮግራማችሁም እንደገና ሲገናኝ መጀመሪያ አሁን ያለውን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ከዚያ አዲሱን ይከታተል። እስኪገናኝ ድረስ ደግሞ "ግንኙነት ተቋርጧል" ብሎ በግልጽ ያሳይ።