የሆድ ድርቀትና ሕክምናው፦ ከምርምር የምንማረው

የሆድ ድርቀት በሰው ፊት የማይነገር፣ ለሐኪም እንኳ ለመግለጽ የሚያሳፍር ሕመም ነው። ይሁን እንጂ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡር እናቶችንና አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማንን አዘውትሮ ያስቸግራል። ሕሙማንን የሚጎበኙ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላትም በየቤቱ ያገኙታል፤ ምክርም ይጠየቁበታል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። እነዚህም የሕመሙ ምንነት፣ እንዲሁም አንድ መድኃኒት በእርግጥ መጥቀሙ የሚታወቅበት መንገድ ናቸው።

ሕመሙን መለየት

በየቀኑ ዓይነ ምድር ያልወጣ ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም። በቀን ከሦስት ጊዜ ጀምሮ በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ መውጣት እንደ ጤናማ ልማድ ይቆጠራል። የዘርፉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሻሻሉት የሮም መመዘኛ ምልክቶቹን ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ በሳምንት ከሦስት ጊዜ ያነሰ መውጣት፣ የሰገራ መድረቅ፣ ብርቱ ማማጥ፣ ወጥቶ እንዳላለቀ መሰማትና መውጫው የተዘጋ መምሰል ናቸው። ከምልክቶቹ ቢያንስ ሁለቱ ለወራት ሲዘልቁ ሕመሙ ሥር የሰደደ ይባላል።

መንሥኤው ብዙ ነው። አሰር የጎደለው ምግብ፣ የውኃ ማነስ፣ አለመንቀሳቀስና ሰገራን አምቆ መያዝ የታወቁት ናቸው። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት እንክብልና እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያደርቃሉ። በአንዳንዶች ላይ ደግሞ ችግሩ ያለው በአንጀት ሳይሆን፣ በማማጥ ጊዜ ሊላሉ ሲገባቸው በሚጨመደዱ ጡንቻዎች ላይ ነው።

መጥቀሙ በምን ይታወቃል?

«እኔ ጠጥቼው ድኛለሁ» የሚለው ምስክርነት ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። የሆድ ድርቀት አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይሻላል፤ መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ ተስፋ ማድረግም የመሻል ስሜት ይሰጣል። ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ለአንዱ ወገን እውነተኛውን መድኃኒት፣ ለሌላው በመልክ የሚመስለውን ነገር ግን ፈዋሽነት የሌለውን ይሰጣሉ። ማን ምን እንደ ወሰደ ታማሚውም ሰጪውም እስከ መጨረሻው አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህን መንገድ ተከትሏል። ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለውን፣ ውኃን በአንጀት ውስጥ ይዞ ሰገራን የሚያለሰልስ ዱቄት በ304 ሕሙማን ላይ ለስድስት ወራት ፈተኑት። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 52፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት ከመቶ 11 ያህሉ የተፈለገውን ውጤት አገኙ። እነዚህ 11 ሰዎች መድኃኒት ሳይወስዱ የተሻላቸው ናቸው። ንጽጽሩ ባይኖር ኖሮ የእነርሱም መሻል ለመድኃኒቱ በተቆጠረ ነበር።

በ2008 ደግሞ ፕሩካሎፕራይድ የተባለው፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያነቃቃ መድኃኒት በ620 ሕሙማን ላይ ተፈተነ። በ12 ሳምንታት ውስጥ ግቡን ያገኙት በመድኃኒቱ ከመቶ 30 ገደማ፣ በማስመሰያው 12 ናቸው። መድኃኒቱ ጠቃሚ መሆኑ ታይቷል፤ ሆኖም ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ግቡን አልደረሱም። ስለዚህ «ይጠቅማል» ማለት «ሁሉን ያድናል» ማለት እንዳልሆነ እንረዳለን።

የምግብ ድርሻ

በዩጋንዳ ለዓመታት ያገለገሉት የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1972 አንድ ጥናት አሳተሙ። አሰር የበዛበት ምግብ የሚመገቡ የአፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች፣ የተፈተገ እህል ከሚመገቡት እንግሊዛውያን ይልቅ ሰገራቸው ብዙ፣ ምግቡም በአንጀታቸው ፈጥኖ የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሕዝብን ከሕዝብ ማነጻጸር እንጂ በዕጣ የተደረገ ሙከራ አልነበረም፤ ነገር ግን ለኋለኞቹ ሙከራዎች በር ከፈተ።

ለእኛ የሚቀርበው የተልባ ጉዳይ ነው። በ2020 በቻይና በታተመ ጥናት በቀን 50 ግራም ተልባ የተመገቡ ሕሙማን በላክቱሎስ ሽሮፕ ከታከሙት ጋር ተነጻጽረው፣ ተልባው መልካም ውጤት ሰጥቷል። ጥናቱ 90 ሰዎችን ብቻ የያዘ ስለሆነ እንደ ጥሩ ጅማሬ እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አይወሰድም። በተጨማሪም ተልባም ሆነ ሌላ አሰር ያለ በቂ ውኃ ቢወሰድ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። በጾም ወራት ጥራጥሬውና አትክልቱ ለአንጀት መልካም ሆኖ ሳለ የውኃው ማነስ ሊጎዳ ስለሚችል፣ አረጋውያን ከጾሙ ሰዓት በኋላ በቂ ውኃ እንዲጠጡ ማሳሰብ ይገባል።

መድኃኒት ሁሉ ለሁሉ አይሆንም

በ2006 የታተመ ጥናት ከላይ የተጠቀሰው የጡንቻ መጨመደድ ያለባቸውን 109 ሕሙማን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ጡንቻን የማላላት ሥልጠና፣ ለሌላው ማለስለሻ መድኃኒት ሰጠ። በስድስተኛው ወር ከሠልጣኞቹ ከመቶ 80፣ ከመድኃኒት ወሳጆቹ ከመቶ 22 ያህሉ ጉልህ መሻሻል አሳዩ። መንሥኤውን ሳያውቁ መድኃኒት መደራረብ ከንቱ ድካም መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ጉዳትም አለ። ቴጋሴሮድ የተባለው መድኃኒት በሙከራ ጠቃሚነቱ ታይቶ ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ በተጠቃሚዎቹ ላይ የልብና የአንጎል የደም ሥር ችግር በዝቶ ስለታየ በ2007 በአሜሪካ ከገበያ ተነሣ። በየገበያችን የሚሸጠው ሰና መኪም አንጀትን የማነቃቃት ኃይል አለው፤ ከእርሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ተመጥኖ በእንክብል ይሸጣል። ቅጠሉ ግን ሳይመጠን ሲጠጣ ብርቱ ቁርጠትና ተቅማጥ አምጥቶ የሰውነትን ውኃና ጨው ሊያሟጥጥ ይችላል። የተፈጥሮ መሆኑ ብቻ ከጉዳት ነጻ አያደርገውም።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

• የብረት እንክብል ሆዷን ያደረቀባት ነፍሰ ጡር እንክብሉን እንዳትጥል ይነገራት። ደም ማነስ እርሷንም ፅንሱንም ይጎዳልና፣ መፍትሔውን ከጤና ባለሙያ ትጠይቅ።

• ሞርፊን የሚወስድ ሕመምተኛ ያለባቸው ቤተሰቦች የሆድ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ሐኪሙን ይጠይቁ።

• በሰገራ ደም ማየት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ድርቀት ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። ሆድ ተነፍቶ፣ ማስታወክ ተጨምሮ፣ ፈስ እንኳ መውጣት ካቆመ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

• መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ፣ ቆሻሻ ወይም መዝጊያ የሌለው ከሆነ ሰው አምቆ ይይዛል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው መጸዳጃ ንጹሕ፣ መዝጊያና ለአረጋውያን መደገፊያ ያለው መሆኑ ይታይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን ይህን ሕመም በኀፍረት የሚሸሽጉ እነማን ናቸው? በምን መንገድ ልንቀርባቸው እንችላለን?

2. አንድ ሰው «ይህ መድኃኒት ፈዋሽ ነው» ቢለን፣ ከማመናችን በፊት ምን ምን እንጠይቀው?

3. የቤተ ክርስቲያናችን መጸዳጃ ቤት ለአንዲት አረጋዊት እናት ይመቻልን? ካልተመቸ በዚህ ሩብ ዓመት ምን እናስተካክል?