የኋላ አክስል ማሻሻል፦ ጭነቱን ማን ይሸከማል?

በአገራችን የገጠር መንገድ ፒካፕ መኪና የማይሠራው ሥራ የለም። መድኃኒት ያደርሳል፣ እህል ይጭናል፣ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል፣ አስተማሪውንም ከነጓዙ ያጓጉዛል። ይህ ሁሉ ሥራ ሲሠራ ከሥር ሆኖ ጭቃ እየለበሰ ፍዳውን የሚያየው የኋላው አክስል ነው። በዚህ ጽሑፍ የኋላ አክስል እንዴት እንደሚሻሻል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ምን ሥራ እንደሚሠራ እንመለከታለን።

ስለ ጉዳዩ እንድንጽፍ ያነሳሳን አንድ ገጠመኝ ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንሄድ የተሳፈርንበት ፒካፕ ዳገት ጨርሶ ወደ ሜዳ ሲወርድ የቀኝ የኋላ ጎማው ከነዘንጉ ከመኪናው ወጥቶ ጎን ለጎን መሽከርከር ጀመረ። በዝግታ እንሄድ ስለነበር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሾፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ፣ «ኧረ ምን ጉድ ነው! ባሌስትራውን እኮ ባለፈው ወር ነው ያጠናከርኩት!» አለ። እኛም፣ የአውቶ ሜካኒክ ሠልጣኞች ነን ባዮቹ፣ ምክንያቱን ለማስረዳት አፋችን ተያዘ። ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና አክስሉ ለምን ጉድ ሠራው? ነገ ተማሪ ፊት ቆመን ይህ ጥያቄ ቢመጣ ምን እንል ነበር?

የአክስል ሦስት ሥራዎች

የኋላ አክስል ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛ፣ ከሞተር የመጣውን የመጠምዘዝ ኃይል በፒኞንና በኮሮና አማካይነት አቅጣጫውን ቀይሮና አብዝቶ ለጎማዎች ያደርሳል። ሦስተኛ፣ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በዲፈረንሻል አማካይነት ይፈቅዳል። «አክስሌን ላሻሽል» የሚል ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ከሦስቱ የትኛው ሥራ ነው ያቃተው?» መሆን አለበት። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከፊል ተንሳፋፊና ሙሉ ተንሳፋፊ

የቀላል ፒካፖች አክስል በአብዛኛው «ከፊል ተንሳፋፊ» የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ የቀረበውና በአገራችን በብዛት የሚታየው ቶዮታ ሃይሉክስ የዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ ዓይነት ጎማው የሚታሰረው በቀጥታ በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሁለት ጭነት አለበት፤ ጎማውን ያዞራል፣ ክብደቱንም ይሸከማል። በአክስሉ ጫፍ ያለው ኩሽኔታ ወይም እርሱን የሚይዘው ቀለበት ከተበላሸ፣ ዘንጉ ከነጎማው ተስቦ ሊወጣ ይችላል። በእኛ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር።

በከባድ የጭነት መኪኖችና እንደ ላንድክሩዘር 79 ባሉ ጠንካራ ፒካፖች ላይ የምናገኘው ደግሞ «ሙሉ ተንሳፋፊ» ነው። በዚህኛው ጎማው የሚታሰረው በሃብ ላይ ነው። ሃቡ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ሆኖ በራሱ በአክስሉ ቤት ዙሪያ ይዞራል። ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ሲሆን የዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ነው። ዘንጉ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታውን አይለቅም። ታዲያ ልዩነቱ የብረት ውፍረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱን ማን ይሸከማል የሚለው ጉዳይ ነው።

የሾፌሩ ስሕተት አሁን ግልጽ ይሆናል። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው ከኋላ ቀና ይላል፤ ሲያዩትም ገና ብዙ የሚችል ይመስላል። ነገር ግን ዘንጉም፣ ኩሽኔታውም፣ ፍሬኑም ያው የድሮዎቹ ናቸው። የመኪና የመጫን አቅም የሚወሰነው በደካማው ክፍል ነው። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለእንዲህ ያለውም ይሠራል።

ትንሽ ስሌት

አሁን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንምጣ። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ሞተር ቶርክ 200 ኒውተን ሜትር ነው እንበል። አንደኛ ማርሽ 4 ጊዜ፣ የዳገቱ ከባድ ማርሽ 2.5 ጊዜ፣ ፒኞንና ኮሮና 4.1 ጊዜ ቢያበዙት፦

200 × 4 × 2.5 × 4.1 = 8,200 ኒውተን ሜትር

በሰበቃ የሚጠፋውን ትተን፣ ኃይሉ በሙሉ ወደ ኋላ ቢሄድ ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ዘንጎች እኩል ያካፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ 4,100 ማለት ነው። አንደኛው ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር መኪናው የሚቆመውም በዚህ እኩልነት የተነሳ ነው፤ የሚንሸራተተው ጎማ የሚቀበለው ትንሽ ስለሆነ ሌላኛውም ከዚያ በላይ አያገኝም። ለዚህ መፍትሔው ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ መሣሪያ ማስገባት ነው። ነገር ግን ሲቆለፍ፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠልና ሌላው ድንጋይ ቢነክስ፣ 8,200ው በሙሉ በአንድ ዘንግ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የነከሰው ጎማ ከተንሸራተተ ዘንጉ ይተርፋል፤ አልንሸራተት ካለ ግን የሚሰበር ነገር ይፈለጋል። ስለዚህ ቁልፍ የሚያስገባ ሰው የዘንጉን ጥንካሬ አብሮ ማሰብ አለበት።

ዘንግ ሲወፍር ምን ያህል ይጠነክራል? ድፍን ዘንግ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ በዲያሜትሩ ሦስተኛ ደረጃ ያድጋል። 30 ሚሊሜትር የነበረው 33 ቢሆን፣ 1.1 × 1.1 × 1.1 = 1.331 ይሆናል። ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ሲጨምር ጥንካሬው በ33 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ ብረቱና አሠራሩ ያው ከሆነ። ሠልጣኞች ይህን ስሌት ራሳቸው ሠርተው ሲደርሱበት በጣም ይደነቃሉ።

ጎማ ሲያድግ

ብዙ ሰው ማሻሻልን የሚጀምረው ከጎማ ነው። ከ30 ኢንች ወደ 33 ኢንች ሲወጣ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ አደገ። መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል፣ የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ ወደ 66 ይሄዳል። የቀድሞውን ጉልበት ለመመለስ 4.1 × 1.1 = 4.51 ያስፈልገናል። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ከነበረ (41 ÷ 10 = 4.1)፣ ለዚህ ስሌት የሚቀርበው 41 በ9 ነው፤ ይኸውም 4.556 ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ የፊቱም ዲፈረንሻል በዚያው ቁጥር መቀየር አለበት። የኋላው ብቻ ተቀይሮ አራቱም ጎማ ሲያያዝ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት መሄድ ይፈልጋሉ፤ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ በደረቅ መንገድ ላይም አንድ ነገር ይሰበራል። «የኋላውን ዛሬ፣ የፊቱን ደመወዝ ሲወጣ» የሚባል ነገር የለም!

የስፋት ጉዳይ

ሌላ ጥሩ ምሳሌ ከዚያው ከላንድክሩዘር 79 እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪ8 የናፍታ ሞተር ሲገባለት የፊቱ አክስል ሰፋ፤ የኋላው ግን ባለበት ቀረ። በዚህ ምክንያት የኋላ ጎማዎች ርቀት ከፊቶቹ በ95 ሚሊሜትር ገደማ አነሰ። በአሸዋና በጭቃ የኋላ ጎማ የፊቱ በጠረገው ፈለግ ስለማይሄድ የራሱን አዲስ ፈለግ መቅደድ አለበት። በተለይ በአውስትራሊያ ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ ይጠቀማሉ። አንዱ ርካሽ ነው፤ በሃቡና በቸርኬው መካከል ማራቂያ ብረት ማስገባት፣ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ማሰር። ጎማው በራቀ ቁጥር ግን ክንዱ ይረዝምና በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ሁለተኛው ውድ ነው፤ የአክስሉን ቤት ራሱን ማስፋትና ረዘም ያለ ዘንግ መሥራት። በዚህኛው ጎማው ከኩሽኔታው አንጻር ቦታውን አይለቅም። ርካሹ ለምን ርካሽ እንደሆነ ለተማሪ ማሳየት ከፈለግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በሥራ ጊዜ የማይታለፉ ነገሮች

1. አክስል ሙሉ በሙሉ ሲቀየር የባሌስትራው መቀመጫ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ማዕዘን መበየድ አለበት። ማዕዘኑ ከተሳሳተ ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ መስቀለኛ መጋጠሚያዎቹም ቶሎ ያልቃሉ። ብየዳው በአንድ ትንፋሽ ከተሠራ ሙቀቱ የአክስሉን ቤት ያጣምመዋል፤ ትንሽ ትንሽ እየበየዱ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ቀጥ ማለቱን መለካት ያስፈልጋል።

2. ፒኞንና ኮሮና ምንጊዜም ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ መኪና፣ ሌላውን ከሌላው አምጥቶ ማጋባት አይቻልም። የፒኞኑ ጥልቀትና የኩሽኔታው ጥብቀት በየመለኪያቸው፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ በመለኪያ ሰዓት ይለካሉ። ክፍተቱ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ስለሆነ «በእጄ አውቀዋለሁ» አይሠራም፤ ቁጥሩ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይወሰዳል። በመጨረሻም ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ አዙሮ፣ ንክኪው መሐል ላይ ማረፉን ማየት ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

3. ፍሬን ከአክስሉ ጋር አብሮ ይታሰባል። በብዙ ፒካፖች ላይ የኋላውን ፍሬን ግፊት እንደ ጭነቱ መጠን የሚቆጣጠር፣ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። የመኪናው ከፍታ ሲለወጥ ይህ ቫልቭ ይሳሳታል፤ መስተካከል አለበት። የእጅ ፍሬኑም ዳገት ላይ መሞከር አለበት።

4. የአክስሉ መተንፈሻ ቱቦ ይረዝም። ይህ ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ነው። የሞቀ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃም ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ሲቀዳ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ቱቦውን እስከ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጎ ማሰር ብዙ ኩሽኔታ ያድናል።

5. መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ከሥሩ አይገባም። ጠንካራ መደገፊያ ይደረግበት፣ ጎማዎቹም ይታገዱ።

ለክፍል የሚሆን ማሳያ

ይህን ትምህርት በሰሌዳ ብቻ ማስተማር ይከብዳል። በወርክሾፓችን የሚያስተምሩ አንድ አንጋፋ መምህር ያሳዩንን ዘዴ እናካፍላችሁ። ሙሉ ተንሳፋፊ አክስል ያለው መኪና ሜዳ ላይ አቆሙ፣ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በእንጨት አገዱ፣ ከዚያ የዘንጉን ቡሎኖች ፈትተው ዘንጉን መዝዘው አወጡት። መኪናው ንቅንቅ አላለም። «በሉ ንገሩኝ፣ ክብደቱን ማን ነው የተሸከመው?» አሉን። አንዱ ጓደኛችን፣ «መምህር፣ እኔ እስከ ዛሬ ዘንጉ ይመስለኝ ነበር» ሲላቸው፣ «እሰይ! ዛሬ ተማርክ ማለት ነው» አሉት። ሦስት ገጽ ማስታወሻ ያላስጨበጠንን አምስት ደቂቃ አስጨበጠን። ከፊል ተንሳፋፊ በሆነው ላይ ግን ይህን መሞከር አይቻልም፤ ዘንጉ ሲወጣ ጎማውም አብሮ ይወጣልና።

እንግዲህ ማሻሻል ማለት ትልቅ ነገር ገዝቶ ማሰር አይደለም። ጥሩ ዘይት፣ ጤነኛ ኩሽኔታ፣ የረዘመ መተንፈሻና ልክ ያለው ጭነት ለብዙው ፒካፕ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሥራ ካለ ሙሉ ተንሳፋፊ ወደሆነው መሻገር ይገባል። ይህን ለይቶ የሚናገር ሜካኒክ የሚወጣው ለይቶ ካስተማረ መምህር እጅ ነው። ያ ሾፌር ባሌስትራውን ያስጨመረበት ጋራዥ ውስጥ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ጎማው ገና ከመውጣቱ በፊት «ጌታዬ፣ ችግሩ ባሌስትራ አይደለም» ይለው ነበር።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ) ዲያሜትሩ 30 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ በ36 ቢተካ ጥንካሬው በስንት እጥፍ ያድጋል?
ለ) 4.1 ዲፈረንሻል ያለው መኪና ጎማው ከ30 ወደ 32 ኢንች ቢያድግ የሚያስፈልገው ቁጥር ስንት ነው?
ሐ) ባሌስትራ የተጨመረለት ፒካፕ የመጫን አቅሙ አደገ ማለት ይቻላል? ምክንያቱን አስረዱ።
መ) የተቆለፈ ዲፈረንሻል ዘንግን ለአደጋ የሚያጋልጠው መቼ ነው?