ለጅቡ መርዝ ላስቀምጥ?

 

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቂሊንጦ ከዒሻእ ሶላት ስንወጣ አንድ ጎረቤታችን ያዝ አደረገኝ። ሌሊት ጅብ በግ ወስዶበታል። «ኡስታዝ፣ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ ብጥልለት ወንጀል አለው?» አለኝ።

በጉ ሐላል ሪዝቁ ነውና ንዴቱ ይገባኛል። ግን ከመፍረዳችን በፊት ጅብን እንወቀው።

እኛ አገር በብዛት ያለው ነጠብጣቡ ጅብ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ውሻ ይመስላል እንጂ በዝርያ የሚቀርበው ለድመት ወገን ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ቀን ጉድጓድና ገደል ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ይወጣል። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ እሱ ወደኛ መጣ ወይስ እኛ ወደሱ ሄድን?

ጉዱ ያለው መንጋጋው ላይ ነው። ሌላ አውሬ ያቃተውን አጥንት ሰባብሮ ይውጣል፤ ጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ ያንን አጥንት ያሟሟዋል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ነው። አድኖም ይበላል። ሰው አጠገብ ሲኖር ግን የሞተ አህያ፣ የእርድ ትራፊና ቆሻሻ ይበቃዋል። ያ ሁሉ ጥንብ ደጃችን ላይ ቢበሰብስ ኖሮ አስቡት።

ሐረሮች ይህን ቀድመው ተረድተዋል። በጀጎል ግንብ ላይ «ዋራባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ ማለፊያ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ሌሊት በዚያ ገብቶ መንገዱን ሲያጸዳ ያድራል። በዓሹራም ቅቤ የገባበት ገንፎ ያቀርቡለታል። (ገንፎው የአገሩ ባህል ነው፤ የዓሹራ ሱና ጾሙ ነው።)

ወደ ጥያቄው ልመለስ። መርዝ አይመርጥም። ሥጋውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ ልጅም ሊነካው ይችላል። ሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ ደግሞ እንስሳትን እንደኛው ኡመት አድርጎ ነው የሚያስተዋውቀን። «በግህን መጠበቅ ሐቅህ ነው፤ የሚተናኮልህንም አውሬ ትከላከላለህ። መርዝ ረጭቶ መተኛት ግን ሌላ ነገር ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ።

ትናንት በደጁ ሳልፍ የበረቱን በር በቆርቆሮ ሲመታ አገኘሁት።

«የዒዱን አጥንት የት ነበር የጣልከው?» አልኩት።

በመዶሻው ከአጥሩ ሥር ጠቆመኝና ሳቀ።