ጳጉሜንን የማያውቀው ኤክሴል

ከአዳማ (ናዝሬት) ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ሸቀጥ በዱቤ የሚልክ ጅምላ ነጋዴ ሒሳቡን በኤክሴል ቢይዝም ቀኑን የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፡፡ የኤክሴል የቀን ቀመር ግን የተሠራው በአውሮፓውያኑ ነው፡፡ ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፡፡

ዱቤው ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጣ እንበል፡፡ ሒሳብ ሠራተኛው 30/2/2018 ብሎ ሲያስገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኮምፒዩተሩ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ሲቀነስም «ቫልዩ» የተባለውን ስሕተት ያወጣል፡፡ ይህስ ደግ ነው፤ ጮኾ ይናገራል፡፡ ክፉው ዝም የሚለው ነው፡፡ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ወጥቶ መስከረም 5 ቀን 2018 የተከፈለ ዕዳ የጳጉሜንን 5 ቀናት ጨምሮ 15 ቀን ቆይቷል፡፡ ኤክሴል ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 11 ይላል፡፡ በየቀኑ 500 ብር የሚታሰብበት ዕዳ ከሆነ 2,000 ብር ቀረ ማለት ነው፡፡

መድኃኒቱ በማክሮ የራስን ፈንክሽን መጻፍ ነው፡፡ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ ሣጥኖች ይግቡ፡፡ ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው ተጥሎ ይደመርበታል፤ ወሩ በ30 ተባዝቶ ከቀኑ ጋር ይጨመራል፡፡ የሁለቱ ቀኖች ድምር ሲቀናነስ ትክክለኛው 15 ይገኛል፡፡

ቀመሩ ልክ ሆኖ ሳለ «ቫልዩ» እንደገና ብቅ ካለ ዓመቱ «ኢንቲጀር» ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ይታይ፡፡ ኢንቲጀር ከ32,767 በላይ አይሸከምም፤ 2018 በ365 ሲባዛ ደግሞ 736,570 ነው፡፡ «ሎንግ» ተብሎ ይለወጥ፡፡

«ኔም» የሚለው ስሕተት ሌላ ነው፤ ኤክሴል ፈንክሽኑን አላገኘውም፡፡ ወይ በሞጁል ፈንታ በሺቱ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ወይ ፋይሉ ማክሮ በማይዘው ተራ ዓይነት ተቀምጦ ማክሮው ጠፍቷል፡፡ ሻሸመኔ ላለው ቅርንጫፍ በኢሜይል የተላከ ከሆነም፣ ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣን ማክሮ እንደሚያግድ ይታወስ፡፡ ላኪው በእርግጥ የታወቀ ከሆነ ብቻ በፋይሉ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አንብሎክ» ይደረጋል፡፡

ፈንክሽኑ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ጳጉሜን 6 ቀን በነበረችበት በ2015 ይሞከር፡፡ ከጳጉሜን 6 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ያለው ልዩነት 1 መሆን አለበት፡፡ 0 ካለ ቀሪው አልተጣለም፤ በተራው የማካፈያ ምልክት ምትክ ወደ ኋላ የተጋደመው ጭረት ይግባ፡፡