ጉልበቱ ካልወረደ ብርድ ልብስ እጠፊለት

ጠያቂዋ፦ እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት አሁንም ዮጋ ይሠራሉ ሲሉ ሰማሁ። ያው ድሮ ይሠሩት የነበረውን ነው?

መምህርቷ፦ ወዴት! ድሮማ በጭንቅላቴም በክንዴም እቆም ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በእግሬ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ቀጥሎ ወንበር ይዤ ደረቴን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ተንጋልዬ መተኛት ነው።

ጠያቂዋ፦ መቆም ደግሞ ልምምድ ነው?

መምህርቷ፦ ታዳሳናን፣ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ እናንተ ማረፊያ አደረጋችሁት። እስቲ ጫማሽን አውልቂና ቁሚ። አየሽ፣ ክብደትሽ ሁሉ ተረከዝሽ ላይ ነው፤ የአውራ ጣትሽ ሥር ምንጣፉን በቅጡ አልነካም። እሱን ጫን አድርጊው። ጣቶችሽን አታኮማትሪ! ጉልበትሽ ምን ተሰማው?

ጠያቂዋ፦ ሳብ አለ። ወገቤም ቀለል አለኝ።

መምህርቷ፦ እኔ እኮ አልነካሁሽም።

ጠያቂዋ፦ የዮጋ አስተማሪነት ኮርስ ላይ ግን ተማሪው ጎንበስ ማለት ካቃተው ጀርባውን ገፋ አድርጉት ነው የተባልነው።

መምህርቷ፦ እንዴት ያለ ነገር ነው! የዮጋ መምህሩን የኢየንጋርን ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ሲያምስ፣ ደቡብ ሕንድ ቤሉር ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወባው፣ ታይፎይዱ፣ ሳንባ ነቀርሳው ተፈራርቆባቸዋል። ማይሶር ላይ ዮጋ ያስያዟቸው የእህታቸው ባል ክሪሽናማቻርያ ነበሩ፤ ቁጡ ሰው። አንድ ጊዜ እንግዳ ፊት፣ ያልተለማመዱትን፣ እናንተ ስፕሊት የምትሉትን አሳይ አሏቸው። እምቢ ማለት የለም፤ አሳዩ። የጭናቸው የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ በቅጡ መራመድ አቃታቸው። መገፋት እንዲህ ነው። በ1937 ለማስተማር ወደ ፑኔ ሲላኩ ገና 18 ዓመታቸው ነበር። እዚያ ጠያቂም መካሪም በሌለበት፣ የራሳቸውን ሰውነት እየመረመሩ ጡብና ወንበር፣ ቀበቶና ከግድግዳ የሚንጠለጠል ገመድ ለዮጋ አዋሉ።

ጠያቂዋ፦ ተማሪዎቼ ግን ብሎክ ስሰጣቸው ያፍራሉ። የደካማ ነው ይላሉ።

መምህርቷ፦ ማኅሌት ቆሞ የሚያድረውን ደብተራ መቋሚያ ስለያዘ ደካማ ያለው አለ? መቋሚያው ነው እስኪነጋ የሚያቆመው። ኢየንጋርም በስተርጅና ራሳቸው በድጋፍ ይሠሩ ነበር፤ በ2014 ሲያርፉ 95 ዓመታቸው ነበር። እግር አጣምሮ ሲቀመጥ ጉልበቱ አልወርድ ካለው ጉልበቱን አትጫኚ። ብርድ ልብስ እጠፊና ከመቀመጫው ሥር አድርጊለት። ዳሌው ከፍ ሲል ጀርባው ይቃናል፤ ጉልበቱ ደስ ባለው ቀን ይወርዳል፣ ባይወርድም አልቸገረኝ።

ጠያቂዋ፦ እንዲህ ካሉ ኢየንጋር ገር አስተማሪ ነበሩ ማለት ነው?

መምህርቷ፦ ኧረ የት! ይጮሁ ነበር፤ በጥፊም ይመቱ ነበር። ለማንቃት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ አይዋጥልኝም። በቁጣ የተጎዳ ሰው ቁጣውን ወርሶ ሲያስተምርበት ያሳዝናል። እኔ ዓይናቸውን ወስጃለሁ፣ እጃቸውን ትቻለሁ።

ጠያቂዋ፦ ዓይናቸውን ሲሉ?

መምህርቷ፦ ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ይሁዲ ሜኑሂን በ1952 ቦምቤይ ላይ ሲያገኛቸው እጅግ ደክሞት ነበር፤ ያለኝ ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው አላቸው። ሌላው አስተማሪ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ጉድ ሊያሳይ ይሯሯጣል። እሳቸው ሰውየውን አይተው በሻቫሳና አንጋለው አስተኙት፤ አንድ ሰዓት ያህል ተኛ። ኋላ ምርጡ የቫዮሊን አስተማሪዬ ብሎ ያስቀረጸበትን ሰዓት ሸልሟቸዋል። አንቺ ግን ይህን የመጨረሻውን መተኛት ሰዓት ሲያጥርሽ ትዘይዋለሽ አሉ።

ጠያቂዋ፦ ቀጣዩ ክፍል በር ላይ ሲጠብቅ ምን ላድርግ?

መምህርቷ፦ ከመሀሉ ቀንሺ። ይልቅ ሌላ ጥያቄ አለሽ መሰለኝ።

ጠያቂዋ፦ አዎ። ደም ግፊት ያለበት ሰውዬ በጭንቅላት መቆም ካላስተማርሽኝ እያለ ያስጨንቀኛል።

መምህርቷ፦ ግፊቱ ተስተካክሎለታል?

ጠያቂዋ፦ የለም። መድኃኒቱንም አንዳንዴ ይዘለዋል።

መምህርቷ፦ እንግዲያው በጭንቅላት መቆሙን እርሺው። በጀርባው አስተኚው፣ ባቶቹን ወንበር ላይ ያሳርፍ፣ ከአንገቱና ከጭንቅላቱ ሥር ብርድ ልብስ አድርጊ። ትንፋሹን ሲያወጣ ያርዝም፤ አፍኖ ግን አይያዝ። የመድኃኒቱን ነገር ሐኪሙን ያማክር።

ጠያቂዋ፦ ተቀይሞ ሌላ አስተማሪ ጋ ቢሄድስ?

መምህርቷ፦ ይሂዳ። የወሩን ክፍያ መልሺለት።