ምክንያትን መጻፍ፦ ጁዜፔ ቬርዲ ስለ ምን ዝነኛ ሆነ?

«እገሌ ዝነኛ የሆነው ተሰጥዎ ስለ ነበረው ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን ምንም አያስረዳም። ተሰጥዎ ኖሯቸው ሳይታወቁ ያለፉ ደራስያን ብዙዎች ናቸውና። እስቲ ነገሩን በኢጣልያዊው የኦፔራ ደራሲ በጁዜፔ ቬርዲ ሕይወት እንመርምር። ኦፔራ ማለት ተዋንያን ቃላቸውን በንግግር ፈንታ በዜማ የሚያሰሙበት ቴአትር ነው።

ቬርዲ በ1813 (ዓመታቱ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሮንኮሌ መንደር ከአንድ የመሸታ ቤት ባለቤት ተወለደ። በ1832 የሚላኖ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልቀበልህም አለው። ከ1838 እስከ 1840 ሁለት ልጆቹንና ሚስቱን በሞት ተነጠቀ፤ በዚያው ሰሞን ያቀረበው አስቂኝ ኦፔራም ወደቀ። በ1842 ግን «ናቡኮ» የተባለው ድርሰቱ በላ ስካላ ቴአትር ሲታይ ስሙ ተነሣ።

ለምን? በዚህ ኦፔራ ውስጥ በባቢሎን የተማረኩ ዕብራውያን አገራቸውን እያሰቡ ያዜማሉ። አብዛኛውን ዜማ ሁሉም በአንድ ድምፅ ስለሚሉት፣ ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቶ ሊያንጐራጕረው ይችላል። የኋለኞቹን የ«ሪጎሌቶ»ንና የ«ላ ትራቪያታ»ን ዜማዎችም በእጅ እየተዘወሩ የሚጫወቱ የመንገድ ኦርጋኖች የቴአትር መግቢያ መክፈል ለማይችለው ሕዝብ አዳረሱት። ለእኔ ከሁሉ የሚመዝነው ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም ምክንያት ይነገራል። ሚላኖ ያን ጊዜ በኦስትርያ ሥር ስለ ነበረች፣ ሕዝቡ በዕብራውያኑ ውስጥ ራሱን አይቶ በመጀመሪያው ምሽት «ይደገምልን!» እያለ ጮኸ ይባላል። ታሪኩ ያምራል። ይሁን እንጂ የዘመኑን ጋዜጦች የመረመሩ ምሁራን ይህን የሚያረጋግጥ ቃል አላገኙም። «ቪቫ ቬርዲ» የሚለው መፈክር የተስፋፋው በ1859 ነው፤ የስሙ ፊደሎች በኢጣልያንኛ «ቪቶርዮ ኤማኑኤሌ የኢጣልያ ንጉሥ» ለሚለው ሐረግ መነሻ ስለ ሆኑ፣ ቬርዲን ያወደሰ ንጉሡንም ያወድስ ነበር። ኢጣልያም በ1861 አንድ መንግሥት ሆነች።

አሁን እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

«ኢጣልያ ከተዋሐደች በኋላ ቬርዲ የአገር ምልክት ሆነ።»
«ኢጣልያ ስለ ተዋሐደች ቬርዲ የአገር ምልክት ሆነ።»

የመጀመሪያው ጊዜን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው አንዱን ነገር የሌላው መንሥኤ ያደርገዋል። ስለዚህ «በኋላ»ን ትቶ «ስለ»ን የሚጽፍ ሰው ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ አለበት።

መልመጃ። ቬርዲ «አይዳ»ን የደረሰው በግብፁ ገዥ በኬዲቭ እስማኤል ጥያቄ ነው። በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ሲሆን፣ በ1871 በካይሮ ታየ። በ1875 እና በ1876 የኬዲቩ ጦር ኢትዮጵያን ወግቶ በጉንደትና በጉራ ድል ተመታ። የኦፔራውን መታየትና የጦሩን መዝመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አገናኙ። «ስለ»ን ወይስ «በኋላ»ን መረጣችሁ? የመረጣችሁበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።